«ኃይል ሰጪ» ያልነው መጠጥ ኃይል ይሰጣል ወይ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንድ ተማሪ የፈተና ወረቀት ነው። በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። በቅርቡ በሰጠሁት ፈተና ላይ «ሦስት ኃይል ሰጪ ምግቦችን ጥቀሱ» የሚል ከዓመት ዓመት የማይቀር ጥያቄ አውጥቼ ነበር። በክፍሉ ጎበዝ ከሚባሉት አንዱ «እንጀራ፣ ማር፣ ኢነርጂ» ብሎ መለሰ። ሁለቱን ራይት ሰጥቼ ሦስተኛውን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁበት። ወረቀቱ በተመለሰ ማግስት ልጁ ባዶ ቆርቆሮ በደብተር ቦርሳው ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ይዩት፤ ስሙ ራሱ ኃይል ማለት ነው፤ በቴሌቪዥንም ኃይል ሰጪ መጠጥ ነው የሚሉት» አለኝ። «ስሙ ነው እንጂ ሥራው እንደዚያ አይደለም» ብዬ ልሸኘው ብሞክርም «ታዲያ ካልሰጠ ለምን ይሰጣል ይላሉ?» ሲለኝ የሚሆን መልስ አጣሁ። ማርኩን አልጨመርኩለትም፤ ክርክሩ ግን የእሱ እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ሳይታወቀው አልቀረም።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ምግብ ለሕፃናት ሲተነተን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ይህን ክፍፍል ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን አስተምረውኛል፣ እኔም ለብዙ ዓመታት ሳስተምረው ኖሬያለሁ። «ኢነርጂ ድሪንክ» የተባለው ሸቀጥ ወደ ገበያችን ሲገባ ግን ተርጓሚው እጁ ላይ የነበረውን ቃል አንስቶ «ኃይል ሰጪ መጠጥ» አለውና ከገብሱ፣ ከበቆሎውና ከማሩ ጎን አስቀመጠው። በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ያለው ግነት ቢያንስ የንግድ ማስታወቂያ ቃና አለው፤ በአማርኛው ስም ውስጥ ያለው ግን የመማሪያ መጽሐፍ ቃና ስላለው ልጅ እንደ ሳይንስ ይቀበለዋል።

ኃይል በሥነ ምግብ ትምህርት ውስጥ መለኪያ ያለው ነገር ነው። ሰውነት ከአንድ ግራም ስኳር ወይም ከሌላ ካርቦሃይድሬት 4፣ ከአንድ ግራም ፕሮቲን እንዲሁ 4፣ ከአንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9 ኪሎ ካሎሪ ያገኛል። ከእነዚህ መጠጦች ሁሉ በዓለም የታወቀው ሬድ ቡል በ250 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮው ውስጥ 27 ግራም ስኳር ይይዛል፤ በሻይ ማንኪያ ብንሰፍረው ሰባት ማንኪያ ገደማ ይሆናል፤ የሚገኘውም ኃይል 110 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ተራ የኮላ ለስላሳ 35 ግራም ስኳር ስላለው በዚህ ሚዛን የበለጠ ኃይል የሚሰጠው እሱ ነው፤ እሱን ግን ማንም ኃይል ሰጪ ብሎ ሲጠራው አልሰማሁም። ወደ ጓዳችን ብንመለስ ደግሞ 100 ግራም የገብስ ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ ይህም ማለት አባቶቻችን ለመንገድ ስንቅ ብለው በአገልግል ይቋጥሩት የነበረው አንድ ጭብጥ በሶ የሦስት ቆርቆሮ ያህል ኃይል አለው፣ በዚያም ላይ እንደ ስኳር ባንዴ ደም ውስጥ ሳይገባ ቀስ እያለ ነው የሚሰጠው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን ስኳር የሌለበት ዓይነት ነው። አምራቾች ስኳሩን አውጥተው በሌላ ማጣፈጫ የተኩበትን መጠጥ ከቀድሞው ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ በዚያ ውስጥ ያለው ኃይል ጥቂት ኪሎ ካሎሪ ብቻ ስለሆነ እንደሌለ ቢቆጠር ስሕተት አይሆንም። ሆኖም ጠጪው ከስኳር አልባውም ያንኑ «ጉልበት» አገኘሁ ይላል። ከመጠጡ ውስጥ ኃይሉን በሙሉ አውጥተን ስናበቃ ጠጪው አሁንም በረታሁ የሚል ከሆነ፣ ያበረታው ነገር መጀመሪያውኑ ኃይል አልነበረም ማለት ነው። ስኳሩም ቢሆን እንደሚወራለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና ቀድሞ የተካሄዱ 31 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ፣ ስኳርና መሰል ካርቦሃይድሬቶች ስሜትን ያነቃቃሉ ለሚለው እምነት ድጋፍ አላገኘም፤ እንዲያውም ከወሰዱት በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ንቃት ቀንሶና ድካም ጨምሮ ነው የተገኘው።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? ካፌይን ነው፤ በቡናችንና በሻያችን ውስጥ ያለው ያው ካፌይን። የሰው አንጎል ነቅቶ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ይህም በሕዋሳት ውስጥ ኃይል በተቃጠለ ቁጥር የሚተርፍ ርዝራዥ ነው። አዴኖሲን በአንጎል ሕዋሳት ላይ ባሉት ተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ «ደክመሃል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ሄዶ እነዚያን ተቀባዮች ይይዛቸዋል፤ ይይዛቸዋል እንጂ መልእክቱን አያስተላልፍም። ይህንን ለተማሪዎቼ ያስረዳሁት በእድር ጥሩምባ ነው። ጥሩምባ ነፊው በሌሊት ሰፈሩን እየዞረ ቢነፋና አንድ ሰው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ቢተኛ፣ ጥሩምባው አልተነፋም ማለት አይደለም፤ ለቅሶውም አልቀረም፤ ሰውየው ብቻ አልሰማም። ካፌይን ጥጡ ነው። ድካሙ በቦታው አለ፣ አዴኖሲኑም መጠራቀሙን አላቆመም፤ ጥጡ ሲወጣ ደግሞ ተጠራቅሞ የቆየው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሰማል። በሠፈራችን ወጣቶች አነጋገር «ኢነርጂው ሲለቅ» የሚባለው ድንገተኛ መዛል በአብዛኛው ይኸው ነው።

ጥጡ የሚወጣበት ፍጥነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ካፌይን ከተጠጣ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በጉበት እየተፈጨ ሲቀንስ በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በነፍሰ ጡር ሴት ይህ ጊዜ በጣም ይረዝማል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳያልፉ የመከረው ለጽንሱ ደኅንነት ሲል ነው። እንግዲህ ለፈተና የሚያጠና አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 160 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለበትን ትልቁን ቆርቆሮ ጠጣ እንበል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በደሙ ውስጥ 80 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የትንሹ ቆርቆሮ ሙሉ ይዘት ገና ይቀራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ለፈተናው ሲሰለፍም 40 ሚሊ ግራሙ አብሮት ተሰልፏል። ይህ ልጅ ሌሊቱን በሙሉ ቢያነብም፣ ቀን የተማረው ነገር በአንጎል ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ ያነበበውን የሚያስቀምጥበትን ሰዓት ነው የሸጠው። ከመኝታ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ እንኳ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደተቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ወላጆች «ልጄ ሌሊቱን ሲያጠና ያድራል» ብለው በኩራት ሲነግሩኝ አሁን አሁን የምጠይቃቸው ምን እየጠጣ እንደሚያድር ነው።

ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ይመላለሳል። በዚያ ቆላ መንገድ ላይ ሙቀቱም ሆነ የመንገዱ ድርቀት እንቅልፍ ስለሚጋብዝ፣ የቀድሞዎቹ ሾፌሮች በጫት፣ የአሁኖቹ በጫትና በኢነርጂ ነው የሚመክቱት። ወንድሜ አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ የነገረኝን ያለ ጭማሪ ላስፍረው። ሁለት ቆርቆሮ ጠጥቶ ሲነዳ ዓይኑ ፈጦ፣ ልቡ እየመታ፣ ራሱን ንቁ ነኝ ብሎ እያመነ ሳለ፣ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ ነው ያወቀው። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ አንቀላፍቷል። ይህን ዓይነቱን ሽልብታ ካፌይን ሊያዘገየው ይችላል እንጂ ሊያስቀረው አይችልም፤ አንጎል ዕዳውን ሳያስፈቅድ መሰብሰብ ሲጀምር የፈጠጠ ዓይን አይከለክለውም። ወንድሜ አደገኛ የሚለው ሁለቱን ሰከንድ አይደለም። «እንቅልፍ ሲመጣ የማውቀው ሰው ነበርኩ፤ አሁን ግን ሳላውቀው መጣብኝ» ነው ያለው። ጫትን በተመለከተ ግን ከወንድሜ ጋር አልተስማማንም፤ እሱ ጫት ከኢነርጂ ይሻላል ይላል፣ እኔ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ከሁለቱም ይከፋል እላለሁ።

የሚገርመው መጠጡ መጀመሪያ ላይ ስም ያወጣው እንደ ወንድሜ ባሉ ሰዎች ዘንድ መሆኑ ነው። የሬድ ቡል እናት የሆነው መጠጥ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በታይላንድ ሲፈጠር ዋነኛ ደንበኞቹ የጭነት መኪና ሾፌሮችና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንድ የኦስትሪያ ነጋዴ ከታይላንዳዊው ባለቤት ጋር ተሻርኮ ጋዝ ጨመረበትና እ.ኤ.አ. በ1987 በአውሮፓ ገበያ ላይ አወጣው። «ክንፍ ይሰጥዎታል» የሚለው መፈክሩ ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በአሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ ኩባንያውን 13 ሚሊዮን ዶላር አስወጥቶታል። ከሳሾቹ መጠጡ ከአንድ ስኒ ቡና የተለየ ብርታት እንደሚሰጥ ተደርጎ መነገሩ አሳሳች ነው ብለው ነበር የተከራከሩት፤ ኩባንያው ጥፋት አልሠራሁም ብሎ፣ ክርክሩን ለማሳጠር ሲል ገንዘቡን ከፈለ። ጋዜጦች በጊዜው «ክንፍ አላወጣሁም ብሎ የከሰሰ ሰው» እያሉ ቀለዱበት፤ የክሱ ፍሬ ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ተማሪዬ ከጠየቀኝ ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። ካፌይን ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም። ይሠራል። በረጅም ርቀት ሩጫና በብስክሌት ውድድር ላይ ከሰውነት ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ስፖርተኞች ጽናታቸው እንደሚሻሻል በተደጋጋሚ ተረጋግጧል፤ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲም ካፌይንን ከተከለከሉት ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ እስካሁን ግን አጠቃቀሙን መከታተሉን አልተወም። ነገር ግን ሯጩ የሚሮጥበት ኃይል ከጡንቻውና ከጉበቱ የተከማቸ፣ ትናንት ከበላው ምግብ የመጣ ነው። ካፌይኑ ያደረገለት ያንን ኃይል ሲያወጣ ድካሙ ቶሎ እንዳይሰማው ነው። ትናንት ያልበላና ያልተኛ ሰው ያንኑ ቢወስድ የሚያወጣው ተቀማጭ የለውም። በተጨማሪም ይህ ጥቅም የካፌይን እንጂ የቆርቆሮው አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት የአውሮፓ ባለሥልጣን ባወጣው ንጽጽር 250 ሚሊ ሊትር ኢነርጂ መጠጥ 80 ሚሊ ግራም፣ 200 ሚሊ ሊትር የፈረንጅ ቡና ደግሞ 90 ሚሊ ግራም ካፌይን አላቸው። የእኛ የጀበና ቡና እንደ አፈላሉ ይለያያል፤ ሆኖም አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ የተነሣ ሰው ካፌይን ጎደለኝ ብሎ ሱቅ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

በቆርቆሮው ላይ የሚዘረዘሩትን ሌሎች ንጥረ ነገሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ታውሪን በ1827 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ሐሞት ስለሆነ ስሙን ከላቲኑ የበሬ መጠሪያ ወሰደ፤ ከኮርማ ዘር ይወጣል እየተባለ በወጣቶች ዘንድ የሚናፈሰው ወሬም ከዚሁ ስም የተወለደ ይመስለኛል። ዛሬ በመጠጡ ውስጥ ያለው በፋብሪካ የሚቀመም ነው፤ የሰው አካልም ራሱ ያመርተዋል። የቢ ቫይታሚኖች ምግብ ወደ ኃይል በሚለወጥበት ሂደት ውስጥ ረዳት ናቸው፤ ረዳት ያልጎደለው ሾፌር አምስት ረዳት ቢጨመርለት መኪናው እንደማይፈጥን ሁሉ፣ እጥረት የሌለበት ሰው ቢጨምርባቸው ትርፉን በሽንቱ ያስወግደዋል።

ከሁሉም በላይ ሰው ልብ የማይለው የልማድ ጉዳይ ነው። አንጎል በየቀኑ በካፌይን ሲዘጋበት ተጨማሪ የአዴኖሲን ተቀባዮችን በማብቀል ይመክታል፤ በዚህ ጊዜ ያው መጠን የቀድሞውን ያህል አያነቃም፣ ሲቀርም ራስ ምታት፣ መነጫነጭና መፍዘዝ ይከተላል። ይህ ምልክት ካፌይን በተቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። እኛ ወሎዬዎች ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልገንም፤ በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ከሰዓት በኋላ ስንቱ ጎረቤታችን ግንባሩን በሻሽ አስሮ እንደሚውል እናውቃለን፣ ክርስቲያኑም ቢሆን ቡናው ያለፈበት ቀን «ሱሴ ተነሣ» ይላል። በየቀኑ ካፌይን የሚወስዱ ሰዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የደረሱበትና እኔን በጣም ያስገረመኝ ነገር፣ ጠዋት ሲጠጡ የሚሰማቸው «ብርታት» በአብዛኛው ሌሊቱን ካፌይን በማጣታቸው የመጣባቸው መፍዘዝ መወገዱ ብቻ መሆኑ ነው። ጠጪው ከማይጠጣው ሰው በላይ አልወጣም፤ ወደ እሱ ደረጃ ተመለሰ እንጂ። በየቀኑ ሁለት ቆርቆሮ የሚገዛ የቀን ሠራተኛ እንግዲህ ከደመወዙ እየቀነሰ የሚገዛው፣ መጠጡን ሳይጀምር በነጻ የነበረውን ንቃት ነው።

ስለ አልኮልና ኢነርጂ መቀላቀል አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጫት ቅሞ በአልኮል መጨበስን የሚያውቅ ኅብረተሰብ ይህን አዲስ ቅልቅል በቀላሉ ነው የተቀበለው። ካፌይን ስካርን አያበርድም፤ የሰከረው ሰው መስከሩን እንዳያውቅ ያደርገዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2010 ካፌይን የተጨመረበት አልኮል ያመርቱ ለነበሩ አራት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ የጻፈው ስለዚሁ ነው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ፤ ነገሩ እሱን ይመለከታልና። ይኸው የአውሮፓ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ጉዳት እንደማያመጣ ሲገልጽ፣ ለልጆችና ለታዳጊዎች ያስቀመጠው ልክ ግን በክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራም ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ 30 ኪሎ ቢመዝን የቀን ልኩ 90 ሚሊ ግራም ይሆናል። አንዱ ትንሽ ቆርቆሮ እዚያው አፋፉ ላይ ያደርሰዋል፤ ትልቁ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ያለውን ስኳርም ልጁ በዚያችው በአንዷ ትንሽ ቆርቆሮ አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሌላ ጥናት 34 ጤነኛ ወጣቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትር ገደማ ኢነርጂ መጠጥ ጠጥተው ሲመረመሩ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ፣ በልብ ምት መመዝገቢያ ላይ የሚታየው የኤሌክትሪክ ዑደትም ረዝሞ ተገኝቷል። እነዚያ ጎልማሶች ነበሩ፣ በተመራማሪዎች ክትትል ሥርም ነበሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 እነዚህ መጠጦች በልጆችና በታዳጊዎች ማዕድ ላይ ቦታ የላቸውም ብሎ ቁርጥ ያለ አቋም ይዟል።

ሌሎች አገሮች ከዚህ በመነሣት ሕግ አውጥተዋል። ሊቱዌኒያ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ላትቪያ በ2016፣ ፖላንድ ደግሞ ከ2024 መባቻ ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ብዙ እኅቶቻችን በሚሠሩባት ሳውዲ ዐረቢያ ማስታወቂያው እ.ኤ.አ. በ2014 ታገደ፤ በ2017 ደግሞ እሷና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በእነዚህ መጠጦች ላይ የመቶ በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ጣሉ። ከዚያ አካባቢ የተመለሰች የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ስናወራ ሳቀችና «እኛ ዋጋውን አናውቅም ነበር፤ ማዳም ራሷ ነበረች ከፍሪጅ አውጥታ የምትሰጠን፣ ሌሊት እንግዳ ሲኖር» አለችኝ። ሳቋን ልረሳው አልቻልኩም። ለእሷ ያ ቆርቆሮ የደግነት ስጦታ አልነበረም፤ እንድትተኛ ሊፈቀድላት ይገባ የነበረውን ሰዓት የሚተካ ነበር።

«እናንተስ ቡና እየጠጣችሁ አይደለም ወይ የምታወሩት?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። እየጠጣሁ ነው፤ ይህን ስጽፍም ሁለተኛው ስኒ አጠገቤ አለ። ነገር ግን የቡና ሥርዓታችን ሳይጻፍ የኖረ የዕድሜ ገደብ ነበረው። በልጅነቴ እናቴ ቡና ስታፈላ የእኔ ድርሻ «እነ እትዬን ቡና ጠጡ በላቸው» ተብሎ ጎረቤት መላክ ነበር፤ ስመለስ ቆሎውን ወይም ፈንዲሻውን እዘግናለሁ፣ ስኒው ግን አይሰጠኝም። ለሙቀቱና ለሦስት ዙሩ ሲባል ደግሞ ትልልቆቹም ቢሆኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ እያወጉ ነው የሚጠጡት። ቆርቆሮው ቀዝቃዛና ጣፋጭ በመሆኑ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ባለሱቁም ልጅ ነህ ብሎ የሚመልስበት ልማድም ሕግም የለውም። በትምህርት ቤታችን አጥር ዙሪያ ባሉት ሱቆች ከማስቲካና ከብስኩት ጎን ተደርድሮ ለልጆች የሚሸጠውም ለዚህ ነው።

በመሆኑም የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ ጋዜጣችሁ በዜናውም ሆነ በጤና ዓምዱ እነዚህን መጠጦች «ኃይል ሰጪ» ማለቱን ትቶ «አነቃቂ መጠጥ» ብሎ ቢጠራቸው ለእኛ ለመምህራን ትልቅ እገዛ ነው። «አነቃቂ» የሚለው ቃል በአሁኑ ጊዜ በየአዳራሹ በሚደረጉ ንግግሮች ምክንያት ትንሽ መወደሱን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሥራውን በትክክል ይገልጻል፣ ከጫትና ከቡና ጋርም በአንድ መደብ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በአውሮፓ ኅብረት በአንድ ሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን ያለው እንዲህ ዓይነት መጠጥ ከፍተኛ ካፌይን እንዳለው፣ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንደማይመከር ከነመጠኑ በግልጽ እንዲጻፍበት ግዴታ ነው፤ እኛ አገር በሚሸጠው ላይም ይኸው በጉልህ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን ፊደላት ቢጻፍ የሚያስቸግር አይመስለኝም። የአልኮል ማስታወቂያን በብሮድካስት ሰዓት የገደበው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣም ብዙ ሰው አይሆንም ብሎ ነበር፤ ሆኗል። ለልጆች መሸጥን በተመለከተ ግን አዋጅ እስኪወጣ ሳንጠብቅ፣ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ካሉ ባለሱቆች ጋር የወላጅ መምህር ኅብረቶች ተነጋግረው ሊስማሙ ይችላሉ፤ እኛ በእኛ ሠፈር ከሁለቱ ጋር ተስማምተናል፣ ሦስተኛው እያንገራገረ ነው።

የተማሪዬን ማርክ በተመለከተ ከባልደረቦቼ ጋር ተከራክረናል። አንዷ መምህርት «ስሙን ያወጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ልጁ ለምን ይቀጣል?» ብላ ግማሽ ማርክ እንድሰጠው ወተወተችኝ፤ አልሰጠሁትም፤ እንጀራና ማር የጻፉትን ልጆች መበደል ይሆናል ብዬ ነው። ለመጪው ፈተና ግን ጥያቄውን ቀይሬዋለሁ። «በሶ፣ ቡና፣ ድንች፣ ኢነርጂ ድሪንክ፤ ከእነዚህ ውስጥ ኃይል ሰጪዎቹ የትኞቹ፣ አነቃቂዎቹስ የትኞቹ ናቸው?» የሚል ነው። ልጁ በዚህኛው ያጣውን ማርክ እንደሚያስመልስ ተስፋ አለኝ፤ እስከዚያው ግን ቴሌቪዥኑ የሚነግረውና እኔ የምነግረው አንድ ቢሆኑልኝ እወዳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአካባቢ ሳይንስ መምህር፣ ከኮምቦልቻ